የአዝማሚያን ማብቂያ መለየት፦ በሀዋሳ የሚሰጥ አንድ የፎሬክስ ሥልጠና ሲመዘን

በሀዋሳ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ የፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ንግድ) ሥልጠና አለ። በከተማችን ተመሳሳይ ሥልጠናዎች ጥቂት አይደሉም፤ ይህኛው የሚለየው ሁሉንም ነገር በጥቂት ክፍለ ጊዜ ለማስጨበጥ ባለመሞከሩና በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ በማተኮሩ ነው። ጥያቄውም ሲወጣ ወይም ሲወርድ የቆየ የምንዛሪ ዋጋ ጉዞውን መጨረሱ በምን ይታወቃል የሚል ነው። ሥልጠናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። የማመሰግነውም የምነቅፈውም ስላለኝ የድርጅቱን ስም ከመጥቀስ እቆጠባለሁ፤ የምመዝንባቸው ነጥቦች ግን ሌላ ቦታ ለመመዝገብ ላሰበ ሰውም የሚያገለግሉ ይመስለኛል።

ክፍያው የአንድ ጀማሪ መምህርን የወር ደመወዝ የሚጠጋ ስለሆነ ርካሽ ሊባል አይችልም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ፕሮጀክተሩ ጥሩ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተርም አለ። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በቅርብ የተመረቁ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጡ የሒሳብ ሠራተኞችና ዕድሜያቸውን በሲዳማ ቡና ንግድ ያሳለፉ አንድ አዛውንትም ነበሩ። ለመግባት የሚጠየቀው ሜታትሬደር ወይም ትሬዲንግቪው የተባሉትን የዋጋ መከታተያ መተግበሪያዎች በስልክ ላይ ጭኖ ቻርት ማንበብ መቻል ብቻ ነው፤ ይህን የማይችል ሰው በመጀመሪያው ቀን ግራ ይጋባል፣ አሠልጣኙም ቆሞ አይጠብቀውም።

የሥልጠናው ትልቁ ጥንካሬ አነሣሡ ላይ ነው። አሠልጣኙ አንድም ጠቋሚ (ከዋጋው ተሰልቶ በቻርት ላይ የሚታይ መለኪያ) ሳያሳይ ባዶ ቻርት አቅርቦ፣ ዋጋው ከደረሰባቸው ጫፎችና ካረፈባቸው ዝቅታዎች ሌላ ምንም እንዳናይ አደረገን። ሐሳቡ ከቻርልስ ዳው የተወረሰ ነው። ዳው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ አሜሪካ አክሲዮኖች የጻፋቸውን መሠረት አድርጎ የዳበረው አስተሳሰብ እንደሚለው፣ አንድ አዝማሚያ መገልበጡን በግልጽ የሚያሳይ ምልክት እስኪሰጥ ድረስ እንደቀጠለ ይቆጠራል። ወደ ላይ በሚጓዝ ገበያ እያንዳንዱ አዲስ ጫፍ ከቀደመው ጫፍ ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ዝቅታም ከቀደመው ዝቅታ ከፍ ብሎ ይቆማል። ይህ ሥርዓት መፍረስ የሚጀምረው ዋጋው የቀደመውን ጫፍ ሳይሻገር ሲመለስ ነው፤ ነገር ግን ይህ ብቻውን ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው ዋጋው ወርዶ የመጨረሻውን ዝቅታ ሲሰብርና ከዚያ በታች ሲዘጋ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ዋጋው ወደተሰበረው መስመር ተመልሶ ሲሞክርና መሻገር ሲያቅተው የሚታይ ነው፤ ቀድሞ ሰፖርት (ዋጋውን ከታች የሚደግፍ) የነበረው መስመር በዚህ ጊዜ ሬዚስታንስ (ከላይ የሚያግድ) ይሆናል። አሠልጣኙ መግባት የሚፈቅደው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

የቡና ነጋዴው አዛውንት በዚህ አልረኩም። «ልጄ፣ ከወደቀ በኋላ ሽጥ እያልከኝ እኮ ነው፤ ታዲያ ቁንጮውን ማን ወሰደው?» ብለው ጠየቁ። አሠልጣኙም «ጋሼ፣ ቁንጮውን እኔም ወስጄው አላውቅም፤ መሀሉ ይበቃኛል» ሲል መለሰ። ይህ መልስ በከተማችን የቴሌግራም ቻናሎች ላይ በየቀኑ ከሚለጠፈው «ጫፉ ላይ ሽጡ፣ ታቹ ላይ ግዙ» ከሚለው ጥሪ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ሐቀኛ እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። ለእኔ የክፍያው ግማሽ ያህል በዚህ ክፍለ ጊዜ ተመልሷል።

ሁለተኛው ትልቅ ክፍል ስለ ዳይቨርጀንስ ነው፤ ጥራቱ የወረደውም እዚህ ላይ ነው። አርኤስአይ የሚባለውን ጠቋሚ ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 አስተዋውቆታል፤ በተለምዶ የ14 ሻማዎችን (እያንዳንዱ ሻማ በአንድ ቀን ወይም ሰዓት ውስጥ የዋጋውን መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ጫፍና ዝቅታ የሚያሳይ የቻርት ምልክት ነው) መረጃ ወስዶ ከ0 እስከ 100 ባለው ልኬት ላይ የዋጋውን የመውጣትና የመውረድ ጉልበት ያመዛዝናል። ከ70 በላይ ሲሆን ከመጠን በላይ ተገዝቷል፣ ከ30 በታች ሲሆን ከመጠን በላይ ተሸጧል ይባላል። ዋጋው አዲስ ጫፍ ሲሠራ አርኤስአዩ ግን ከቀድሞው ዝቅ ያለ ጫፍ ሲሠራ ዳይቨርጀንስ ተፈጠረ እንላለን፤ ትርጉሙም የመውጣቱ ጉልበት እየቀነሰ ነው ማለት ነው። እስከዚህ ትክክል ነው። አሠልጣኙ ግን በመጀመሪያው ክፍል የገነባውን ጥንቃቄ እዚህ ላይ ረስቶ፣ ዳይቨርጀንስን ራሱን እንደ መግቢያ ምልክት አቀረበው፤ ያሳየንም የሠሩለትን ቻርቶች ብቻ ነበር። ወደ ታቦር ተራራ የምትወጣ ባጃጅ ዳገቱ ላይ ፍጥነቷ ቢቀንስ ወደ ኋላ ዞራለች ማለት አይደለም። ጠንካራ አዝማሚያ ውስጥ አርኤስአይ ለሳምንታት ከ70 አካባቢ ሳይርቅ ሊቆይ፣ ዳይቨርጀንሱም ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ዋጋው ግን መንገዱን ሊቀጥል ይችላል። ከ70 በላይ መሆን በአብዛኛው የሚነግረን አዝማሚያው ብርቱ መሆኑን ነው።

ይህን ክርክር ለመፍታት እ.ኤ.አ. የ2022ን የዶላርና የየን ቻርት ከመመልከት የተሻለ ትምህርት የለም፤ ሥልጠናውም ቻርቱን ያሳያል፣ ነገር ግን ተጣድፎ ያልፈዋል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ አንድ ዶላር 115 የን ያህል ነበር (በዚህ ምሳሌ ያሉት ወሮችና ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጋቢት ወር መጨረሻ 125 ሲደርስ የቀን ቻርቱ አርኤስአይ ከ70 እጅግ አልፎ ነበር፤ «ከመጠን በላይ ተገዝቷል» ብሎ ያን ጊዜ የሸጠ ሰው፣ በሚያዝያ መጨረሻ 130 ሲሻገር፣ በመስከረም ደግሞ 145 ሲደርስ ቆሞ ለማየት ተገድዷል። መስከረም 22 ቀን የጃፓን መንግሥት ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ገብቶ የን ገዛ፤ ዋጋውም በሰዓታት ውስጥ ከ145 በላይ ከነበረበት ወደ 140 አካባቢ ወረደ። ያን ዕለት ሁሉም ሰው አዝማሚያው አበቃ ቢል አይፈረድበትም ነበር። አላበቃም፤ ጥቅምት 21 ቀን ዋጋው 151.9 አካባቢ ደረሰ፣ መንግሥትም እንደገና ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትምህርት ሁለት ደረጃዎች ቃል በቃል የሚከተል ነው። ዋጋው ወደ 145 አካባቢ ወርዶ አረፈ፤ እንደገና ሲወጣ ግን 149 እንኳ ሳይደርስ ተመለሰ። ይህ የመጀመሪያው ዝቅ ያለ ጫፍ ነው፤ ጥርጣሬ ማለት ነው። ከዚያም ኅዳር 10 ቀን የአሜሪካ የጥቅምት ወር የዋጋ ንረት 7.7 በመቶ መሆኑ ተገለጸ፤ ገበያው ከዚያ ከፍ ያለ ቁጥር ይጠብቅ ስለነበር ዶላር በአንድ ቀን ከ146 አካባቢ ወደ 141 ወረደ፤ በ145 አካባቢ የነበረው ዝቅታም ተሰበረ። በሚቀጥለው ጥር አጋማሽ ዋጋው 127 ገደማ ነበር። ስለዚህ ቁንጮውን ሳይሆን 145ን ጠብቆ የሸጠ ሰው ከጫፉ ሰባት የን ያህል ቢያመልጠውም ከዚያ በላይ የሆነ ጉዞ ከፊቱ ነበረው። ከመጋቢት ጀምሮ ጫፉን ሲያሳድድ የነበረው ግን ጫፉ በመጣ ጊዜ የሚሸጥበት ገንዘብ የተረፈው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ሥልጠናው ሙሉ በሙሉ የዘለለው ነገር አለ፤ ይኸውም ምክንያቱ ነው። የን በ2022 የወደቀው ቻርቱ ስላዘዘ አይደለም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን በመጋቢት ወር ከዜሮ አካባቢ ማንሣት ጀምሮ በኅዳር መጀመሪያ ከ3.75 እስከ 4 በመቶ ሲያደርስ፣ የጃፓን ባንክ የራሱን ከዜሮ በታች በ0.1 በመቶ ላይ አጽንቶ ይዞ ነበር። ገንዘብ አነስተኛ ወለድ ካለበት ተበድሮ ከፍ ያለ ወለድ ወዳለበት መሄዱ የተለመደ ነው፤ አዝማሚያው የተገነባው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ የተገለበጠውም ገበያው ልዩነቱ መስፋቱን ሊያቆም ነው ብሎ ማመን ሲጀምር ነው። የመስከረሙ የመንግሥት ግዢ አዝማሚያውን ያልገለበጠው፣ የኅዳሩ አንድ ቁጥር ግን የገለበጠው ለዚህ ይመስለኛል፦ የመጀመሪያው ዋጋውን ነካ፣ ሁለተኛው ምክንያቱን ነካ። አዝማሚያ ማብቃቱን ለመለየት የሚፈልግ ሰው አዝማሚያው በምን እንደቆመ ካላወቀ የሚጠብቀውን ነገር አያውቅም። ይህን ለማስተማር አንድ ቅዳሜ ይበቃ ነበር፤ ቅዳሜው ግን የሻማ ቅርጾችን ስም በማስጠናት አለፈ።

የሻማ ቅርጾችን በተመለከተ ብዙ አልልም። ዶጂ፣ መዶሻ፣ ዋጭ ሻማ እየተባሉ የሚጠሩት ቅርጾች ከጃፓን የሩዝ ንግድ ባህል የወጡ ናቸው፤ አንድ ሻማ ብቻውን በየትኛውም ቦታ ቢታይ የሚነግረው ትንሽ ነው፤ አስቀድሞ በተሰመረ ትልቅ መስመር ላይ ሲታይ ግን ይረዳል። አሠልጣኙም ይህን ብሏል። ጭንቅላትና ትከሻ የተባለው ቅርጽም ከላይ ካየነው የጫፍና የዝቅታ ትንታኔ የተለየ ነገር የለውም፤ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለ ጫፍ ነው፣ የአንገቱ መስመርም የሚሰበረው ዝቅታ ነው። ይህን ያየ ሰው ቅርጹን መሸምደድ አያስፈልገውም።

የተሻለ ትኩረት ያገኘው፣ ለእኛ አካባቢ ሰውም በተግባር የሚጠቅመው፣ የመዝጊያ ሰዓት ጉዳይ ነው። መስመር ተሰበረ የሚባለው ሻማው ከመስመሩ ባሻገር ሲዘጋ ነው፤ በመሀል ወጣ ብሎ የተመለሰ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሌሎችን ስቶፕ ሎስ (ዋጋው የተወሰነ ቦታ ሲደርስ ንግዱን በኪሳራ የሚዘጋ ትእዛዝ) ለቅሞ ይመለሳል። በምንዛሪ ገበያ የቀን ሻማ በተለምዶ የሚዘጋው በኒውዮርክ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ሲሆን፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር እንደ አሜሪካ የሰዓት ለውጥ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ማለት ነው። ታላላቆቹ የአሜሪካ ቁጥሮች የሚወጡት ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ወይም 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሠልጣኙ ሌሊት ቁጭ ብለን እንዳንጠብቅና የተዘጋውን ሻማ ጠዋት አይተን እንድንወስን መክሮናል፤ በአካባቢያችን ያለው የኔትወርክና የመብራት ሁኔታ ሲታሰብ ይህ ምክር በ15 ደቂቃ ቻርት ላይ ዓይንን ተክሎ ከመዋል የተሻለ ነው። በደቂቃ ቻርት ላይ በየሰዓቱ «አዝማሚያው ተገለበጠ» ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ግን ትልቁ አዝማሚያ ለትንሽ ጊዜ ትንፋሽ የሚሰበስብበት እርማት ብቻ ነው።

የቻርት የጊዜ መጠን (የሰዓት፣ የቀን ወይም የወር) ምርጫ ጥያቄውን ራሱን እንደሚለውጠው ግን በቂ አልተነገረም። ያው የዶላርና የየን ዋጋ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 127 አካባቢ ከደረሰ በኋላ እንደገና ተነሥቶ በሐምሌ 2024 መጀመሪያ ከ161 በላይ ወጣ። በቀን ቻርት ላይ ያበቃ የመሰለው የ2022 አዝማሚያ፣ በወር ቻርት ላይ ሲታይ የረጅም ጉዞ አንድ እርማት ነበር ማለት ነው። የጃፓን ባንክ ሐምሌ 31 ቀን 2024 ወለዱን ወደ 0.25 በመቶ ካነሣ በኋላ፣ ነሐሴ 5 ቀን ዋጋው ከ142 በታች ወርዶ ታይቷል። ስለዚህ «አዝማሚያው አበቃ» የሚል ሰው በየትኛው ቻርት ላይ እንደሆነ ካልተናገረ ንግግሩ ጎደሎ ነው፤ በሥልጠናው ላይ የተነሡት ክርክሮችም ግማሾቹ አንዱ የአራት ሰዓት ቻርት፣ ሌላው የሳምንት ቻርት ይዞ ስለሚሟገት የተፈጠሩ ነበሩ።

ስለ ሙቪንግ አቬሬጅ የተሰጠው ማብራሪያ አጭርና ትክክል ነው። የ50 ቀን አማካይ የ200 ቀኑን ወደ ታች ሲያቋርጥ አዝማሚያው ካበቃ ሰነባብቷል፤ መስመሩ ያለፈውን ዋጋ አማካይ ስለሚይዝ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። የንግድ መጠንን በተመለከተ ግን አንድ ስሕተት ሰምቻለሁ። አሠልጣኙ በስልክ ላይ የሚታየውን የቮልዩም መስመር የዓለም ገበያ የንግድ መጠን አድርጎ አቅርቦታል። የምንዛሪ ገበያ እንደ አክሲዮን ገበያ አንድ ማዕከል የለውም፤ መተግበሪያው የሚያሳየው በዚያ ብሮከር (ነጋዴውን ከገበያው በሚያገናኘው ድርጅት) ዘንድ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ ነው። ከዚህ ይልቅ የአሜሪካ የሸቀጦች የወደፊት ግብይት ተቆጣጣሪ በየሳምንቱ ዓርብ የሚያወጣው፣ እስከ ማክሰኞ ያለውን አቋም የሚያሳየው ዘገባ በነጻ ይገኛል፤ ትላልቅ ተጫዋቾች ሁሉ በአንድ ወገን ተጨናንቀው ሲገኙ አዝማሚያው ለመገልበጥ የተጋለጠ መሆኑን ይጠቁማል። ይህ ዘገባ በሥልጠናው ላይ በስም እንኳ አልተነሣም።

ከሁሉ በላይ የምነቅፈው የኪሳራ ትምህርት መቅለሉን ነው። ስቶፕ ሎስ እንድናስቀምጥ ተነግሮናል፤ ስቶፕ ሎስ የማይሠራበት ጊዜ እንዳለ ግን አልተነገረንም። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲከላከል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 ያለ ማስጠንቀቂያ መከላከሉን አቆመ፤ ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ፣ በመሀል ያሉ ትእዛዞችም በተቀመጡበት ዋጋ ሊፈጸሙ አልቻሉም። ያንን አዝማሚያ ማብቂያ ምንም ዳይቨርጀንስ አላመለከተም። የአውሮፓ የዋስትና ሰነዶችና ገበያዎች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መረጃ መሠረት በዋጋ ልዩነት ውል (ሲኤፍዲ፣ ንብረቱን ሳይገዙ በዋጋው ለውጥ ላይ ብቻ በሚነገድበት) ከሚነግዱ የግለሰብ አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ገንዘብ የሚያጡ ናቸው፤ ባለሥልጣኑ በዚሁ ዓመት ለዋና ዋናዎቹ የገንዘብ ጥንዶች ሊቨሬጅን (ተበድሮ ከራስ ገንዘብ በላይ መነገድን) በ30 እጥፍ ላይ ገደበው። በእኛ ክፍል ግን 500 እጥፍ ሊቨሬጅ እንደ መልካም ዕድል ሲወደስ ሰምቻለሁ። የመገልበጥ ንግድ ከአዝማሚያ ጋር ከመሄድ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚሳሳት ስለሆነ፣ በዚህ መጠን ተበድሮ መሞከር ትምህርቱን ከማጠናቀቅ በፊት አካውንቱን ማጠናቀቅ ነው።

ሌላው ሳይጠራ የቀረው የሀገራችን ሁኔታ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ የዶላርን በብር መውጣትና በእነዚህ መተግበሪያዎች ላይ የሚደረገውን ንግድ አንድ አድርጎ የሚያስብ ሰው በርክቷል፤ በክፍላችንም ይህ ጥያቄ ተደጋግሞ ተነሥቷል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ባንኮች በየጠዋቱ የሚለጥፉት ተመን ላይ የጫፍና የዝቅታ ትንታኔ መሥራት ብዙም ትርጉም የለውም። ገንዘብን ወደ ውጭ ብሮከር መላክ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ሕግ ያለበት ጉዳይ ነው፤ በሀገር ውስጥ ገንዘባችሁን ላስተዳድርላችሁ የሚል ካለም በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከተቋቋመው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። አሠልጣኙ ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ወደ ሻይ ዕረፍት አሳልፎናል።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ቻርት ማንበብ ጀምሮ በየዳይቨርጀንሱ ለሚሸጥ፣ ግን ለምን እንደሚከስር ግራ ለገባው ሰው የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች ዋጋ አላቸው፤ በዴሞ አካውንት (እውነተኛ ገንዘብ በሌለበት መለማመጃ) ላይ ለጥቂት ወራት ሊሞክራቸው ይችላል። ከሥራ ገበታው ለመልቀቅ ለሚያስብ ወይም ለትዳር፣ ለቤት ኪራይ የተቀመጠ ገንዘብ ላለው ሰው ግን አልመክረውም። መመዝገብ የፈለገም ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ አሠልጣኙ የከሰረባቸውን ንግዶች ጨምሮ የአካውንቱን ሙሉ ታሪክ ማሳየት ይችል እንደሆነ፤ እኛ ስንጠይቅ የታየን የተመረጠ ምስል ነበር። ሁለተኛ፣ በእነሱ ሊንክ በኩል ብቻ አካውንት እንዲከፍት ይገደድ እንደሆነ። ብሮከሮች ደንበኛ ላመጣላቸው ሰው ደንበኛው በነገደ ቁጥር ኮሚሽን ይከፍላሉ፤ ደንበኛው ቢያተርፍም ቢከስርም ክፍያው አይቀርም። በመጨረሻው እሑድ ሊንኩ በወረቀት ታትሞ ሲታደል፣ የቡና ነጋዴው አዛውንት ወረቀቱን አጥፈው በትሕትና መልሰውለታል።